አፈሩ ገና እርጥብ ሳለ

ጥቅምት። ከለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው ሜዳ ላይ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከሩብ ገደማ ፀሐይ ብቅ ስትል ጓሮው ነጭ ሆኖ ይታያል። ውርጭ አይደለም፤ ውርጩ ገና ነው። ጤዛ ነው። የጎመን ቅጠል ጤዛውን አይቀበለውም፤ ገጹ ላይ ያለው ስስ ሰም ጠብታውን እንደ ዶቃ ያንከባልለውና በመሃል ጅማቱ በኩል ወደ ግንዱ ያወርደዋል። አጠገቡ ያለው ቆስጣ ግን ያንኑ ጤዛ ቅጠሉ ላይ አንጥፎ ይይዛል። ሁለቱን ጎን ለጎን ቆሞ ለማየት ቡናን ውጭ መጠጣት ያስፈልጋል፤ ጋቢም አይቀርም። 2 ሰዓት ሲሆን ሁሉም ተንኖ አልቋል።

መጸው ነው ወይስ ጸደይ የሚለው ክርክር በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ይነሣል። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መጸው ነው፤ ጸደይ ከመጋቢት 26 ጀምሮ የሚመጣው የበልጉ ዘመን ነው። ክርክሩ የሚበረታው፣ በሌላው ዓለም መጸው ሲባል ቅጠል የሚረግፍበት ወራት ስለሆነ ይመስለኛል። የእኛው አበባ የሚፈነዳበት ነው። የመጀመሪያዎቹ 40 ቀናት፣ እስከ ኅዳር 5 ድረስ፣ ዘመነ ጽጌ ይባላሉ፤ ጽጌ ማለት ደግሞ አበባ ነው። ቅጠል ሲረግፍ ማየት ያማረው ሰው ኮክ ወይም ፕሪም ይትከል፤ እነሱ የደጋው ቅዝቃዜ ሲበረታ ቢጫ ለብሰው ያራግፋሉ።

በዚህ ወቅት የጓሮ ዋና ሀብቱ ክረምቱ አፈር ውስጥ ትቶት የሄደው እርጥበት ነው። ቀን በቀን ይቀንሳል። ደስ የሚለው ነገር ሁሉ፣ ሥራውም ጭምር፣ ይህ እርጥበት ሳያልቅ መደረግ አለበት።

የዚህ ሜዳ አፈር አብዛኛው ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ጫማ ነክሶ ያስቀራል፤ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በሁለቱ ክፉ ጠባዮቹ መሃል ሰው የሚሆንባት አጭር ጊዜ አለችው፤ እሷም አሁን ናት። ጊዜዋን ለማወቅ ከአንድ ስንዝር ጥልቀት እፍኝ አፈር አውጥቶ መጭመቅ ነው። በጣት መሃል እየተንሸራተተ ከወጣና ካብለጨለጨ ገና ነው። ተጨምቆ ከቆመና በአውራ ጣት ሲነኩት ከፈረሰ ዶማ ማንሣት ነው። ጨርሶ አልያዝ ካለ ግን አልፏል፤ ውኃ አጠጥቶ ሁለት ሦስት ቀን መጠበቅ ግድ ይላል። እርጥቡን ቸኩሎ የቆፈረ ሰው ስሕተቱን ወዲያው አያየውም። ከሳምንት በኋላ ፀሐይ ሲመታው ጓሉ ጡብ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ ያ ጓል እስከ በልግ ዝናብ ድረስ በመዶሻ ካልሆነ አይበተንም። እንጦጦ ሥር ወይም ቡራዩ በኩል ቀይ አፈር ላይ ያሉ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ የእነሱ አፈር ይህን ያህል አያስቸኩልም።

ኩትኳቶው ጥልቅ መሆን የለበትም። ሦስት አራት ጣት ይበቃል። የላይኛው አፈር ሲላላ ከሥር ያለው ውኃ ወደ ላይ እየተሳበ የሚተንበት መንገድ ይቋረጣል። ከዚያ ወዲያው የጤፍ ጭድ በአራት ጣት ውፍረት መጎዝጎዝ ነው። ስንጥቅ ከወጣ በኋላ ጭድ መጎዝጎዝ ብዙም አይጠቅም፤ ስንጥቁ ሥሩን በጥሶታል፣ እርጥበቱም ከጥልቁ በዚያው ቀዳዳ ወጥቷል። በጭድ ነገር ሁለት ጥፋት ይበዛል። አንደኛው እስከ ግንዱ ድረስ ማስጠጋት ነው፤ ቆራጭ ትል ይደበቅበታል፣ ግንዱም ይበሰብሳል፤ ሁለት ሦስት ጣት ክፍት መተው ይሻላል። ሁለተኛው ጭዱን ከአፈር ጋር አገላብጦ መቅበር ነው፤ ጭድ ሲበሰብስ ለተክሉ የሚሆነውን ናይትሮጅን ራሱ ይበላዋልና ጎመኑ ከታች ጀምሮ ይገረጣል። ሰው ውኃ የጠማው መስሎት ያጠጣዋል፤ ይብስበታል።

አፈር ሲኮተኮት ወፎቹ ይመጣሉ። «እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ» ይባላል፣ ለጠፋ ዘመድ። የመስቀል ወፍ የሚለው ስም ግን የአንድ ዓይነት ወፍ ብቻ አይደለም፤ በክረምቱ የመራቢያ ወራት ጥቁርና ቢጫ ወይም ጥቁርና ቀይ የሚለብሱ የተለያዩ ትንንሽ ወንድ ወፎች በዚህ ስም ይጠራሉ። እነሱ ደግሞ ከየትም አልመጡም። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ናቸው፤ በቀረው ጊዜ ከድንቢጥ የማይለይ ቡናማ ለብሰው ስለሚውሉ ማንም ልብ አይላቸውም። ወደ ኅዳር ሲጠጋ ልብሳቸው በከፊል የወለቀ፣ ግማሹ ቡናማ ግማሹ ቢጫ የሆነ ወፍ አጥር ላይ ማየት ይቻላል። ሥርዓት ባለው መልኩ አያምርም፤ እኔ ግን ከሙሉ ልብሱ ይልቅ ያን እወዳለሁ። እንዲቆዩ ከተፈለገ በአጥር ዳር ያለውን ያፈራ ሣር ሁሉ አለማጨድ ነው።

ከአትክልቱ ሁሉ የጥቅምትን ጊዜ አጥብቆ የሚጠይቀው በሶብላ ነው። ውርጭ አይችልም። የታችኞቹ ዘሮች ሲጠቁሩና የላይኞቹ አበቦች ገና ሲሆኑ፣ ጤዛው ከለቀቀ በኋላ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ዘለላውን ከነአገዳው መቁረጥ። ከጤዛው ጋር የተቆረጠ ይሻግታል፤ ቀትር ላይ የተቆረጠ ደግሞ ሽታው ግማሹ በፀሐይ ሄዷል። እፍኝ እፍኝ እየታሰረ ቁልቁል ይሰቀል፣ ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ። ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ማስጣት የተለመደ ነው፤ በአንድ ቀን ይደርቃል፣ የሚገኘው ግን ቡናማ ገለባ ነው። በጥላ አሥር ቀን አካባቢ ይፈጅበታል። አገዳው ሲጎነብስ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል፤ ከታጠፈ አልደረሰም። እጅ ውስጥ ሲታሽ የሚወጣው ሽታ የክረምት ሽሮ ምን እንደሚጎድለው ያስታውሳል። አንድ ቀን የዘገየ ሰው ጠዋት ተነሥቶ ሲያየው ተክሉ በሙሉ እንደተቀቀለ ጥቁር ቅጠል ሆኖ ተንጠልጥሏል።

ታዲያ ውርጩ የሚመጣበትን ሌሊት እንዴት ይታወቃል? ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ነፋሱ ቀጥ ካለ፣ የጎረቤት ጢስም ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ቤቶቹ ላይ ከተነጠፈ መጠርጠር ነው። ደመና የለም ማለት ብርድ ልብስ የለም ማለት ነው፤ መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ለሰማይ ይሰጣል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። ስለዚህ ቲማቲምና ቃሪያ ጓሮው ዝቅ በሚልበት ጥግ ወይም ቁልቁለቱን ከዘጋው ግንብ በላይ መተከል የለባቸውም። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን እኩለ ቀን ላይ አፈሩን ማጠጣት ይረዳል፤ እርጥብ አፈር ሙቀት ይይዛል። ቅጠሉን ማርጠብ ግን አይደለም። ምልክቱ እንደታየ ጆንያ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ማልበስ፤ ልብሱ ቅጠሉን እንዳይነካ በእንጨት ከፍ ማድረግ፤ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ማንሣት። የጠቆረ ቅርንጫፍ ካለ ቸኩሎ መቁረጥ የለበትም። የሞተው ቅጠል ለሚቀጥለው ሌሊት ለሥሩ መከለያ ይሆናል፤ ብርዱ እስኪያልፍ ይቆይ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉ ሰዎች ይህን ብርድ ያውቁታል።

የጥቅምት ማለቂያ የነጭ ሽንኩርት ነው። ዋልካ ላይ መጀመሪያ መደቡን ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ፤ በሜዳው ላይ ከተተከለ ውኃ ይቋጥርና ከሥር ይበሰብሳል። ራሱ የሚፈለፈለው በተከላው ቀን ወይም በዋዜማው እንጂ ቀድሞ አይደለም፤ ፍንክቹ ይደርቃል። ከዳር ያሉት ትላልቆቹ ለዘር፣ ከመሃል ያሉት ቀጫጭኖች ለወጥ። ልጣጩ እንዳለ ይቆይ። ፍንክቹን ሲያዩት አንድ ጫፉ ሹል ነው፣ ሌላው ጠፍጣፋና ጠባሳ ያለበት፤ ሥር የሚያወጣው ጠባሳው ስለሆነ ወደ ታች ይሁን። ተገልብጦ የተተከለም ይበቅላል፣ ግን ቡቃያው ዞሮ ለመውጣት ሲታገል አንገቱ ይጣመማል፣ ራሱም ያንሳል። ጥልቀቱ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር፣ በተክሎች መሃል 10፣ በመስመሮች መሃል 30 ሴንቲ ሜትር። አንድ ሜትር በሦስት ሜትር የሆነ መደብ ሦስት መስመር ይዞ 90 ፍንክች ያህል ይወስዳል፤ ጥሩ ጥሩ ከሆነ አሥር ራስ አካባቢ ማለት ነው። ባለፈው ዓመት ሽንኩርት የነበረበት ቦታ ላይ አይተከል፤ ሥሩ ላይ ነጭ ሻጋታ የሚያወጣው በሽታ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። ቅጠሉ ላይ ብርቱካናማ ዱቄት ካዩ ዋግ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከመጠጋጋትና ማታ ቅጠል ላይ ውኃ ከማርከፍከፍ ነው። መጋቢት ላይ የታችኞቹ ቅጠሎች ሲደርቁ ይነቀላል፤ ከዚያ በፊት ሁለት ሦስት ሳምንት ውኃ ማቆም ነው። ከተተከለ በሁለት ሳምንት ውስጥ በጭዱ መሃል አረንጓዴ ጫፎች በመስመር ብቅ ሲሉ የሚሰጡት ደስታ ከሥራው ጋር አይመጣጠንም።

ኅዳር 12 ሲደርስ ሰፈሩ ሁሉ ይጢሳል። ኅዳር ሲታጠን የሚባለው ልማድ ሥሩ የ1911 ዓ.ም. ወረርሽኝ ነው፤ ያኔ የኅዳር በሽታ ተባለ። ልማዱን ማንም አይንቅም፤ ነገር ግን ከቆሻሻው ጋር የሚነደው ደረቅ ቅጠል ያሳዝናል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር፣ ቁመቱም አንድ ሜትር የሆነ ክምር ይበቃል። ሁለት እጅ ደረቅ፣ አንድ እጅ እርጥብ፤ የወጥ ቤት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የታረመ አረም ዘር ሳያፈራ። የባሕር ዛፍ ቅጠል አይግባ፤ ቶሎ አይበሰብስም፣ ለሌላውም አይመችም፤ ለምጣድ ይሁን። እርጥበቱ ታጥቦ እንደተጨመቀ ጨርቅ ይሁን። መሃሉ ላይ እንጨት ሰክቶ ጥቂት ቆይቶ መንቀል ነው። ትኩስ ከሆነ እየሠራ ነው። ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውኃ ይጨመር። ከሸተተ ውኃ በዝቶበታልና ጭድ ጨምሮ ማገላበጥ። ጠዋት በብርዱ ክምሩ ሲገለበጥ እንፋሎት ይወጣዋል፤ ልጆች ለማየት ይሰበሰባሉ።

አደይን የተመለከተ አንድ ነገር። ከሩቅ የሚታየው ቢጫ ሁሉ አደይ አይደለም፤ ኑግም፣ መች የሚባለው አረምም በዚሁ ሰሞን ያብባሉ፣ ንቦቹም አይለዩአቸውም፤ የጥቅምትና የኅዳር ማር የሚገኘው ከነዚሁ ነው። አደይ በየዓመቱ ከዘር የሚነሣ ተክል ነው፤ ሥሩ ለሚቀጥለው ዓመት አይጠብቅም። በእንቁጣጣሽ የሚነቀለው አይጎዳውም፣ ብዙ ነውና። የሚያጠፋው ጥቅምት ላይ «አጥሩ ይጽዳ» ተብሎ የሚታጨደው ነው፤ ዘሩ ያኔ ገና ነው። ቢጫው ረግፎ ጭንቅላቱ ሲጠቁርና ሲነኩት ዘሩ በእጅ ሲለቅ፣ ወደ ኅዳር አጋማሽ፣ ያኔ ይታጨድ። ዘሩ መቀበር አያስፈልገውም። ከአጥሩ ሥር ጭዱን ገለጥ አድርጎ መበተን፣ ክረምት እስኪገባ እዚያው ይቆያል። ሲመለሱ ቀሚስና ሱሪ ላይ የሚገኘው ጥቁር መርፌ ግን የአደይ አይደለም፤ የዘመዱ አረም ነው፣ ጫፉ ላይ ሁለት ሦስት ጥርስ አለው። እሱን አንድ በአንድ ለቅሞ ወደ እሳት፣ ጓሮው ውስጥ መጣል የለም።