ከመግለጫው በፊት ጥበቃው ይወቅ

የአንድ ባንክ ሲስተም ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቆመ እንበል። ሕዝብ ግንኙነት መግለጫ ያረቃል፣ ኃላፊ ያየዋል፣ ይታረማል፣ አምስት ሰዓት ላይ ፌስቡክ ላይ ይወጣል። ደንበኛው ግን መልሱን ካገኘ ቆየ። ጥበቃው «ዛሬ ሥራ የለም» ብሎታል፣ መስኮት ላይ ያለችው «ኔትወርክ ነው» ብላዋለች፣ ጥሪ ማዕከሉ ደግሞ «አሁን ይስተካከላል»። «ብር ጠፋ» የሚለው ወሬ የሚወለደው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ። በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች አጭር መልእክት ለቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆችና ለጥሪ ማዕከል ይድረስ፤ የቆመው ምንድን ነው፣ የሚሠራው የትኛው ነው (ኤቲኤም? የሞባይል ባንኪንግ?)፣ ቀጣዩ መረጃ በስንት ሰዓት ይመጣል፣ አስቸኳይ ጉዳይ ያለው ደንበኛ ወደ ማን ይላክ። ሰዓት ሲነገር የሚቀጥለው መረጃ የሚመጣበት እንጂ ሲስተሙ የሚስተካከልበት አይሁን። የጥገናው ሰዓት ቃል ተገብቶ ካለፈ ስድቡን የምትቀበለው መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ናት። ጥበቃዎች ብዙ ጊዜ በኤጀንሲ የሚቀጠሩ ስለሆኑ በሠራተኞች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የሉም፤ ለእነሱ በቃል የሚነግር ሰው ይመደብ። ከዚያ እንደ ደንበኛ ሆናችሁ ሁለት ቅርንጫፍና ጥሪ ማዕከሉ ጋ ደውሉ። መልሶቹ ከተለያዩ መልእክቱ አልደረሰም፤ ወይም ማንም አንብቦ አልገባውም፤ በእኛ መሥሪያ ቤቶች ቋንቋ ሲጻፍ ይህ ብርቅ አይደለም።

የውስጥ ደብዳቤም ውስጥ አይቀርም። ሚያዝያ 2017 (እ.ኤ.አ.) ዩናይትድ አየር መንገድ ከቺካጎ ወደ ሉዊቪል በሚሄደው በረራ 3411 ላይ ለአራት የበረራ ሠራተኞች ቦታ ፈልጎ፣ አልወርድም ያለ መንገደኛ እየተጎተተ ወረደ። በማግስቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ኦስካር ሙኖዝ ለሠራተኞች በጻፉት ደብዳቤ መንገደኛውን ረባሽና ተጋፊ አድርገው ሣሉት፤ ሠራተኞቹ ግን መመሪያ ተከትለዋል አሉ። ደብዳቤው በዚያው ቀን ሚዲያ ላይ ወጣ፣ ቁጣው ባሰ፣ በሦስተኛው ቀን ሙሉ ይቅርታ መጣ። ሠራተኛን መደገፍ ተገቢ ነው፤ የተጎዳውን ሰው እየወቀሱ ሲሆን ግን አይሆንም።

«ስለ ድርጅቱ የጻፈ ይቀጣል» የሚል ማስታወቂያ መለጠፍም ያው ነው፤ ማስታወቂያው ራሱ ፎቶ ተነሥቶ ይለቀቃል። የሚከለከለው በስም ይዘርዘር፦ የደንበኛ ሒሳብ፣ ያልተፈረመ ውል፣ በምርመራ ላይ ያለ ጉዳይ። ጋዜጠኛ ሲደውል ለማን እንደሚያስተላልፉም ስልክ ቁጥሩ ከሥሩ ይጻፍ።