ከችግኙ በፊት ማኅተሙ፦ በእንጦጦ ግርጌ አንድ ተዳፋት ስንጠብቅ የተማርነው
በእንጦጦ ግርጌ፣ ከመንደራችን በላይ ያለውን ተዳፋት በበጎ ፈቃድ መንከባከብ ስንጀምር፣ ዋናው ድካም ዛፍ መትከሉ ሳይሆን በራሱ የበቀለውን ዛፍ ከመንጣሪ ማስጣሉ እንደሚሆን አስቀድሞ የነገረን ሰው አልነበረም። በየሰፈራቸው እንዲህ ያለ ሥራ ለመጀመር ያሰቡ ሰዎች እኛ የተቃጠልነውን ያህል እንዳይቃጠሉ ብዬ ይህን ጽፌአለሁ።

አጀማመሩ ቀላል ነበር። ከእድራችን ፈቃደኞች ተሰባሰቡ፣ የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት በቃል ፈቀደልን፣ ቆሻሻውን ለቀምን፣ ቦረቦሩ ውስጥ የድንጋይ ክትር ሠራን። ባለከብቶችም ከብቶቻቸውን ወደ ተዳፋቱ ላያስገቡ፣ እኛም በምላሹ ከመስቀል በኋላ ሣሩን አጭደው እንዲወስዱ ልንፈቅድ ተስማማን። ይህ ስምምነት እስከ ዛሬ አልፈረሰም፤ ከመንግሥት ጋር ካደረግነው ሁሉ የሚበልጥ ነው።

ሙያውን ያስተማሩን በጡረታ ላይ ያሉ አንድ የደን ባለሙያ ጎረቤታችን ናቸው። መጀመሪያ ያስያዙን አካፋ አልነበረም፤ በጉልበታችን ተንበርክከን ቁጥቋጦ ሥር እንድንመለከት አደረጉን። ከቀጋው፣ ከአጋሙና ከክትክታው ሥር ከጣት የማትበልጥ፣ የቅጠሏ ላይ ጥቁር አረንጓዴ፣ ታቹ ነጣ ያለ ወይራ ታገኛላችሁ። ትንሽ አለፍ ሲሉ ደግሞ ቅጠሉ ገና መርፌ የሆነ ለጋ የሐበሻ ጽድ አለ። ወፍ ፍሬውን በልታ ዘሩን የምትጥለው ቅርንጫፍ ላይ ባረፈችበት ነው፤ እሾሁ ቡቃያውን ከፍየል ይጠብቀዋል፣ ጥላውም በበጋ ፀሐይ እንዳይከስል ያደርገዋል። ስለዚህ ቁጥቋጦውን ሳንነካ በእያንዳንዱ ቡቃያ አጠገብ ኖራ የተቀባ ድንጋይ አስቀመጥን።

ነገሩ የተበላሸው በግንቦት ማብቂያ ነው። ለክረምቱ ተከላ «ቦታ ለማዘጋጀት» የተላኩ የቀን ሠራተኞች ገጀራና መጥረቢያ ይዘው ገቡና ተዳፋቱን ከላይ እስከ ታች መነጠሩት። ወሬው ደርሶን ስንወጣ ቀጋውና አጋሙ በየቦታው ተከምሯል፤ የኛ ነጫጭ ድንጋዮች ግን ከተቆረጠ ጉቶ አጠገብ እንደተደረደሩ ቀርተዋል። ሠራተኞቹን አልወቅስም፤ የታዘዙትን ነው ያደረጉት። ድንጋዮቹን አይተው ለምን እንደተቀመጡ የጠየቁ እንኳ ነበሩ፤ ያዘዛቸው ሰው ግን መልሱን አያውቅም።

ጽሕፈት ቤቱ ስንሄድ አንድ ባለሙያ መዝገብ ገልጦ ቦታው «ባዶ መሬት» ተብሎ የተመዘገበ መሆኑን አሳየን። ለከብት ዝግ ሆኖ የከረመ፣ ሦስት ዓይነት ቁጥቋጦ የለበሰ ተዳፋት እንዴት ባዶ ሊባል እንደቻለ ብንጠይቅ፣ የተሰጠን ፈቃድ በጽሑፍ ካለ እንድናቀርብ ተነገረን። ፈቃዱን በቃል የሰጡን ኃላፊ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረዋል፤ የተተኩት ደግሞ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው። ማመልከቻችን ከመዝገብ ቤት ወደ ኃላፊው፣ ከኃላፊው ወደ ባለሙያው፣ ከባለሙያው ተመልሶ ወደ መዝገብ ቤት ሲዞር ክረምቱ ገባ።

ከዚያ ችግኙ መጣ፤ የመጣውም ግራቪላ ነው። እንጦጦን የሸፈነው ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ መሆኑን የሚያውቅ ሰው፣ ወይራችንን አንሥቶ ሌላ የአውስትራሊያ ዛፍ ሲተክልልን ቢያንስ ፈገግ ማለት ነበረበት። ከነፕላስቲኩ ጉድጓድ የገባ ችግኝ በዓይኔ አይቻለሁ። በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ከተነገረበት ከሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ወዲህ የተከላ ቁጥር ትልቅ ክብር አግኝቷል፤ የኛም ተዳፋት በሪፖርት ላይ ቁጥር ሆኖ ገባ። በጥር አብዛኛው ግራቪላ ደርቆ ሳለ ስንት እንደጸደቀ ሊቆጥር የመጣ ግን አልነበረም።

ወይራ ከጉቶው ያቆጠቁጣልና ከተቆረጡት ብዙዎቹ ተመለሱ። ጽድ ግን አንዴ ከተቆረጠ ከጉቶው አያቆጠቁጥም፤ ያ ሁሉ ጽድ እንደጠፋ ቀረ፣ ንዴቴም አልበረደም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ አካፋ ከመግዛታችሁ በፊት ማኅተም ያለበት ወረቀት ያዙ። ወረቀቱ የቦታውን ወሰን በስልክ ጂፒኤስ የተወሰደ ነጥብ እየጠቀሰ ያስፍር፤ ማኅበራችሁ ሳያውቅ ምንጣሮም ተከላም እንደማይካሄድ በግልጽ ይናገር። ቅጂውን ለእድሩ ሰብሳቢ፣ ለጥበቃውና ለችግኝ ጣቢያው ስጡ፤ ኃላፊ ይለዋወጣል፣ ወረቀት ግን ይቆያል። በየዓመቱ «የችግኙን ዙሪያ አጽዱ» ለሚሉ ባለሙያዎች በአክብሮት እንቢ በሉ፤ እንዲህ ባለ ዳገት ላይ የሚታጨደው ሣሩ ብቻ ነው፣ እሾሁ ይቆይ። ቦታው ከከብትና ከገጀራ ከዳነ የሚተከለው ችግኝ ጥቂት ቢሆን ይሻላል፤ እሱም በበጋ ውኃ ልታደርሱለት የምትችሉት ያህል ብቻ ይሁን።

እኛ አሁን ወይራ፣ ጽድ ወይም ኮሶ ካልሆነ አንቀበልም። ባለፈው ክረምት ግራቪላ የጫነ መኪና ቢመጣ በመጨረሻ ያገኘነውን ማኅተም ያለበት ወረቀት አሳይተን መለስነው። ሹፌሩ በጣም ተቆጥቶ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር በእሱ አልፈርድም፣ እሱንም የላከው ያው መዝገብ ነው።