አጥሩ ሲወድቅ፦ ከመጋዝ በፊት ስልክ

ሄሪኬን ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ አሜሪካ ውስጥ ምሥራቅ ጆርጂያን የመታው በመስቀል ዕለት ንጋት ላይ ነው፤ ሴፕቴምበር 27፣ 2024። ከአትላንታ መጥተው ለበዓሉ ፍየል ሊወስዱ የቀጠሩኝ ደንበኞች ነበሩ። መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ ማን ይመጣል! ጥዱ ከነሥሩ ተነቅሎ አጥሬ ላይ ተጋድሟል። ፍየል ደግሞ ቀዳዳ ካገኘ አይጠይቅም፣ ይወጣል።

ጎረቤቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብት ያረቡ ሽማግሌ ናቸው። መጋዛቸውን ይዘው መጡና ገና ሰላም ሳይሉኝ «ፎቶ አንሥተሃል?» አሉኝ። ለጉዳቱ ማስረጃ እንዲሆን ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በ1978 በወጣ ሕግ የተቋቋመ የአደጋ ጊዜ የመሬት ጥበቃ ፕሮግራም አለው። እዚህ ገበሬው በአጭሩ ኢሲፒ ይለዋል። አጥር ለመጠገን፣ ግንድና ፍርስራሽ ለማንሣት፣ የተሸረሸረ መሬት ለማስተካከል ከወጪው እስከ 75 በመቶ ይሸፍናል። እርሻ ከጀመራችሁ ከ10 ዓመት ካልበለጠ እስከ 90 ሊደርስ ይችላል፤ ጀማሪ ነኝ የሚለውን ፎርም ግን ራሳችሁ መፈረም አለባችሁ።

የሚመለከተው በየካውንቲው፣ ማለትም በየወረዳው፣ ያለው የኤፍኤስኤ ቢሮ ነው፤ ኤፍኤስኤ የሚኒስቴሩ የገበሬዎች አገልግሎት ክፍል ነው። እርሻው እዚያ ተመዝግቦ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። የኛ ሰው መሬት ይገዛል፣ በግና ፍየል ያስገባል፣ ቢሮውን ግን በሩን አያውቀውም። እኔ ቁጥሩን ቀደም ብዬ ማውጣቴ በጀኝ።

ጉዳቱን ሊያይ የመጣው ሠራተኛ አጥሩን በእግሩ ዞረው። የእንጨት ቋሚዎቹን በጫማው ጫፍ እየነካ የበሰበሰ ይፈልጋል። ከአደጋው በፊት የተበላሸ አጥር አይከፈልበትማ! ከጥጉ በኩል ያለውን የዛገ ሽቦ አየና ከርዝመቱ ቀነሰው። ከፋኝ፤ ግን እውነቱን ነው።

ሳይፈቀድላችሁ ሥራ ከጀመራችሁ ክፍያውን ልታጡ ትችላላችሁ። ለትልቅ አደጋ ደንቡን የሚያላሉበት ጊዜ ስላለ ደውሉና ጠይቁ፤ ማን ምን እንዳላችሁና ቀኑን ጻፉ። ፎቶ ግን ፈቃድ አይፈልግም፤ አንድም ግንድ ሳይነሣ አንሡ።

ገንዘቡ በአብዛኛው የሚመጣው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ለአጥር ከፊሉን በቅድሚያ መጠየቅ ይቻላል፤ እኔ ግን ሽቦና የብረት ቋሚ በክሬዲት ካርድ ገዛሁ። የራሳችሁ ጉልበትም ይቆጠራል፣ ሰዓቱን መዝግባችሁ ከያዛችሁ። እኔ ትራክተሩ ላይ ደብተር አስሬ ማታ ማታ እጽፍ ነበር። ደከመኝ ብሎ «ነገ እጽፈዋለሁ» ያለ ሰው ያንን ሰዓት በነጻ ሠራ ማለት ነው።

ቼኩ ካሰብኩት አነሰ። ካውንቲው ለአጥር የቆረጠው ዋጋ አለ፤ ስሌቱ ከሱ አያልፍም። ለፍየል የሚሆነው ጥቅጥቅ ያለ መረብ ሽቦ ከዚያ ይወደዳል፣ ልዩነቱ ከኪሴ ወጣ። ቢሆንም ርካሹን አልገዛም፤ ለላም የሚበቃ አጥር ለፍየል በር ነው።