ሽምብራ የሞላንበት ሳጥን

ዛሬ ሙሉ ቀን ተክለ ሃይማኖት፣ ወንድሜ ጋራዥ ዋልኩ። ለቪትዟ ባለ 10 ኢንች ሰብውፈር (የባስ ስፒከር) ሳጥን በፋይበር ግላስ እየሠራን ነው። የእንጨት ሳጥን ቢገባ ከኋላ ለዕቃ ቦታ አይተርፍም። ይሄኛው ግን የጎኗን ቅርፅ ይዞ ቁጭ ይላል።

ባለፈው ሳምንት ቸኩዬ ማድረቂያውን አበዛሁትና ሬዚኑ (ፋይበሩ የሚነከርበት ፈሳሽ ሙጫ) ጣሳው ውስጥ እንዳለ ጋለ፣ ጨሰ፣ ድንጋይ ሆነ። በጣም አዝኜ ነበር። ዛሬ በሲሪንጅ እየለካን፣ ለ500 ግራም ሬዚን 8 ሚሊ ሊትር ገደማ ጨመርን። አንድ ንጣፍ ፋይበር፣ አየሩን በብሩሽ እየደበደቡ ማስወጣት፣ ከዚያ ሌላ ንጣፍ። አምስት ደረብን። ግድግዳው ከሳሳ ባሱ ሲመታ አብሮ ይንቀጠቀጣላ!

ከሁሉም የወደድኩት ልኬቱን ነው። ጠማማ ሳጥን በሜትር አይለካም። ስለዚህ ውስጡን ፌስታል አንጥፌ፣ ከእማዬ ጓዳ ያመጣሁትን ሽምብራ በሊትር ጣሳ እየሰፈርኩ ሞላሁት። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ይቆጥራል። አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ። ልክ 20 ላይ አፉ ድረስ ሞላ! የፈለግነውም እሱኑ ነበር። ተቃቀፍን።

ነገ በብርጭቆ ወረቀት እንፈትገዋለን። የምትሞክሩ ካላችሁ፣ እጅጌው ረጅም ሸሚዝና ማስክ አድርጉ። ክንዴን እስካሁን ያሳክከኛል።