ስድስት ዓመት በእግር ፍሬን ብቻ

ደቡብ ጎንደር ነው የምሠራው፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ጉና ሥር ያሉት ቀበሌዎች በእግር ከተባለ ቀኑን ሙሉ ነው የሚፈጁት፣ ስለዚህ ሥራ እንደጀመርኩ መሥሪያ ቤቱ ያማሃ ኤጂ 100 ሞተር ሳይክል ሰጠኝ፣ ሜዳ ላይ ስምንት ቁጥር ሠርቼ መንጃ ፈቃድ አወጣሁና በቃ፣ ከዛ በኋላ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዴት እንደምነዳ ያየኝ ሰው የለም። እኔም አንድም ቀን ወድቄ ስለማላውቅ የምችል ነበር የሚመስለኝ።

የወደቅኩት ሐምሌ ላይ ነው። የበግ ፈንጣጣ ክትባት በበረዶ ሳጥን ከኋላ አስሬ ከክምር ድንጋይ ወጥቼ በጠጠሩ መንገድ ቁልቁል እየወረድኩ ነበር፣ ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም፣ ፍጥነቴ ቢበዛ 40 ቢሆን ነው። መታጠፊያውን እንዳለፍኩ ገበያ የሚወርዱ አህዮች መንገዱን ሞልተውታል፣ አንዷ መሀል ላይ ቀጥ አለች። የእግር ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥኩት። የኋላ ጎማው ተቆልፎ ወደ ግራ ይዞኝ ሄደ፣ እኔ ደግሞ ዓይኔን ከአህያዋ መንቀል አቃተኝ፣ የተጫነችው ጆንያ አፍ የተሰፋበትን ቀይ ክር እስካሁን አስታውሰዋለሁ፣ በግራዋ በኩል ሰፊ ክፍት ቦታ እያለ ወደ ክሩ ነው የሄድኩት።

አህያዋ ተረፈች፣ የኔ የትከሻ አጥንት ተሰበረ፣ ክትባቱ ጭቃ ላይ ተበተነ። ባለ አህያው ሽማግሌ «እኔን ይድፋኝ ልጄ፣ እኔን!» እያሉ ጋቢያቸውን አለበሱኝ። ከስብራቱ በላይ የከነከነኝ ግን ሌላ ነው፣ የቀበሌው ሰው በጎቹን ሰብስቦ እስከ ማታ ሲጠብቀኝ ዋለ።

አገግሜ ስመለስ ለነባር ነጂዎች የሦስት ቀን ሥልጠና አለ ተባለ። እውነቱን ለመናገር ቅር ብሎኝ ነበር፣ ስድስት ዓመት የነዳ ሰው ምን ይማራል ብዬ። አሠልጣኙ ሸምገል ያሉ ናቸው፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። ኳስ ሜዳ ወሰዱን፣ ድንጋይ አስቀመጡና «በ40 ና፣ ድንጋዩ ጋ ስትደርስ ያዝ» አሉኝ። እንደለመድኩት በእግር ፍሬን ያዝኩ፣ እሳቸው በእርምጃ ለኩት፣ 25። «አሁን የእጁንም ጨምርበት» ሲሉኝ ፈራሁ፣ የእጁ የፊት ጎማውን ነው የሚይዘው፣ ምክንያቱም ሁላችንም ስንጀምር የተነገረን «የፊቱን እንዳትነካ፣ ገልብጦ ይጥልሃል» ነው። እየፈራሁ፣ ደጋግሜ ሞክሬ 14 እርምጃ ላይ ቆምኩ። በዛው ሜዳ፣ በዛው ሞተር፣ በዛው ፍጥነት። ልዩነቱ 11 እርምጃ ነው፣ አህያዋን ሳልገጭ ለመቆም የጎደለኝ ደግሞ ከዛ ያነሰ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይጫናል፣ የኋላው ጎማ ይቀላል፣ የቀለለ ጎማ ደግሞ ቶሎ ተቆልፎ ይንሸራተታል። ፊቱ ግን መሬቱን ይነክሳል፣ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። የሚጥለው ድንገት ጭብጥ ሲያደርጉት ወይም መሪው ታጥፎ እያለ ሲይዙት ነው፣ ጭቃና ጠጠር ላይ ደግሞ ይብሳል። ጋሼ ሥራዬን ስለሚያውቁ «ላም ስታልብ ጡቷን ድንገት ትጨብጣለህ? ትረግጥሃለች እኮ! መጀመሪያ ዳሰስ፣ ከዛ እየጨመርክ ሳብ» አሉኝ። ከዛ በኋላ ጣቶቼ ገባቸው።

ቁልቁለቱንም አሳዩን፣ ኤጂ 100 ባለ ሁለት ምት ስለሆነ ቤንዚኑን ሲቀንሱለት ሞተሩ ራሱ እንደ ባለ አራት ምቱ አይዝም፣ ስለዚህ ማርሹ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው። እኔን የቆረጠኝ ግን የጀሪካኑ ነው። ባዶ ጀሪካን መሀል ላይ አቁመው «በጎኑ እለፍ» አሉኝ፣ ሦስት ጊዜ ገጨሁት፣ ሜዳው ያን ያህል ሰፊ ሆኖ! «ጀሪካኑን ለምን ታያለህ? መሄጃህን እይ» አሉኝ። በአራተኛው አንገቴን ወደ ክፍቱ ቦታ አዞርኩ፣ ሞተሩ ራሱ ተከተለኝ። ያኔ ቀዩ ክር ትዝ አለኝና ትንሽ ተቀመጥኩ።

አለቆች ይሄን ብታነቡ ለነባሮቹም ሦስት ቀን ስጡ እላለሁ፣ የሚያስፈልገው ሜዳ፣ ድንጋይ፣ ጀሪካንና የሚያውቅ ሰው ነው። ለጀማሪው ቢያንስ ፍርሃቱ ያግዘዋል፣ ለዓመታት በስህተት የነዳውን ግን ማንም አይነግረውም።

በመጨረሻው ቀን የኔን ሞተር የፊት ፍሬን ታምቡር ፈታነው። የኋላውን የፍሬን ሸራ ስንቴ እንደቀየርኩት አላስታውስም፣ የፊቱ አዲስ ይመስላል፣ ፍሬኑን የሚስበው ሽቦ፣ ካቦው ግን ዝጎ ደርቋል፣ እጀታውን ስትስበው እየተንቋቋ ነው የሚመጣው። ጋሼ ምንም ሳይሉ ወደ ሌሎቹ ሞተሮች ሄደው የእጅ ፍሬኖቹን አንድ በአንድ ሳቧቸው። ከሰባቱ አምስቱ እንደኔው ነበሩ። ግራሶና ዘይት አምጥተን እስኪመሽ ግቢው ውስጥ ካቦ ስናለሰልስ አመሸን።