ከሂውረን ሐይቅ ወለል እስከ አንኮበር ኮረብታ

ደብረ ብርሃን የገባሁት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ብርዷን ረስቼው ኖሯል። አልጋው ላይ ያለው ብርድ ልብስ አንድ ብቻ ነው፤ ሌላ ብለምን «ጠዋት እናመጣለን» ተባልሁ። ለጠዋትማ ፀሐይ አለችልኝ! ራሴን እያመመኝ ሳልተኛ ነጋ።

ደግነቱ ካናዳ፣ ሂውረን ሐይቅ ውስጥ ከጠለቅሁ አሥር ቀን አልፎኛል። ጠላቂ በጥልቅ ውሃ ውስጥ የሚተነፍሰው ናይትሮጅን በደሙ ይሟሟል፤ ግፊቱ ቶሎ ሲቀንስ አረፋ ሆኖ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ደጋግሞ የጠለቀ ሰው ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆይ አውሮፕላን እንዳይሳፈር ይመከራል። የአውሮፕላን ውስጥ አየር ግን ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው አየር ነው። የተወለድሁባት ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ወደ አንኮበር በ2,500 ብር የተዋዋልሁት ሾፌር ጎረቤላ ስንደርስ «መንገዱ አስቸጋሪ ነው» ብሎ 1,000 ብር ጨመረብኝ። መንገዱን ዛሬ ያየው ይመስል! ከፈልሁ፤ ንዴቱ ግን እስከ አሁን አልወጣልኝም። ካናዳ፣ ሐይቁ ዳር ባለችው ቶበርሞሪ የጠላቂ ጀልባ ውድ ነው፤ ሆኖም የተነገረህን ዋጋ ትከፍላለህ።

ኮረብታው ላይ ከዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የተረፈውን የግንብ ቅሪት ሳይ ሆዴ ባባ። ሐይቁ ውስጥ ያየኋት ስዊፕስቴክስ የተባለች የሸራ መርከብ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1867 ስትሠራ፣ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ከሆኑ ሁለት ዓመታቸው ነበር። በ1885 ሰጠመች። ዛሬም ስድስት ሜትር ያህል ውሃ ውስጥ፣ 36 ሜትር የሚረዝም የእንጨት አካሏ ቅርጹን ይዞ ተቀምጧል። እላይዋ ስንሳፈፍ ጣውላዎቿን አንድ በአንድ መቁጠር ይቻል ነበር።

ባና የደረቡ አንድ አዛውንት አጠገቤ ተቀምጠው ቆሎ ዘገኑልኝ። ስለ መርከቧ ነገርኋቸው።

«እንጨቱ አልበሰበሰም?»

«አልበሰበሰም አባባ። በጨው ባሕር እንጨት የሚሰረስር ፍጥረት አለ፤ እሱ በሐይቅ ውሃ አይኖርም። ውሃውም እጅግ ይቀዘቅዛል።»

«ሰውስ አልፈለጠውም?»

«ሚስማር መንቀል እንኳን ክልክል ነው። ውስጧም አይገባም፤ ከላይ አይቶ መመለስ ነው።»

ዝም አሉ። ቆሎውን በጥርሳቸው ሳይሆን በድዳቸው ነበር የሚያላምጡት፤ ጊዜ ወሰደባቸው።

«የአባቴ ቤት ምሰሶ ጽድ ነበር» አሉኝ በመጨረሻ፣ «አያቴ ያቆመው። በሰባ ሰባት ራሴ ፈልጬ ለማገዶ ሸጥሁት። ልጆቹ ሊያልቁብኝ ነበራ።»

ሾፌሩ ከታች ጥሩንባ ይነፋል። ነፋሱ በረታ። አባባ የባናቸውን ግማሽ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝና ጽዱ ከየትኛው ጫካ እንደመጣ፣ ስንት ጎረምሳ እንደተሸከመው ያወጉኝ ጀመር።