ግልምጫዬ ጎተንበርግ ላይ አልሠራ አለ

ደሴ አንደኛ ክፍል ሳስተምር 64 ልጆች ነበሩኝ፣ ባንድ ዴስክ አራት አራት ሆነው። አርጩሜ አልያዝኩም፤ በዚህ እኮራ ነበር። ኩርኩም ግን አይቀርም፣ አልፎ አልፎም ቁንጥጫ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ ነው ይላል። የላይኛው ክፍል የሥነ ዜጋ መምህር ይህችኑ ሲያስተምር አርጩሜው ብብቱ ሥር ነበረች።

የእኔ ዋና መሣሪያ ዓይኔ ነው። እንግዳ ፊት ዳቦ ላይ እጃችንን ስንሰድ እናቴ የምታየንን አስተያየት ታውቁታላችሁ። ድምፅ የለውም፤ "እንግዳው ይሂድ ብቻ" የሚለው ግን ሙሉው እዚያ ውስጥ አለ። ከእሷ ወረስኩት፣ ክፍሌንም በእሱ ገዛሁ።

አሁን ስዊድን፣ ጎተንበርግ፣ ዳጊስ በሚሉት መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ነው የምሠራው። ሦስተኛ ዓመቴ ነው። "ቲቸር" የለ፣ "እትዬ" የለ፤ የአራት ዓመት ልጅ በስሜ ጠርቶ "ነይ" ይለኛል። እሱን በሁለት ሳምንት ለመድኩት።

ዓይኔ ነው ችግሩ። ኅዳር ውስጥ ነው፣ ዝናቡ ይወርዳል። እዚህ ደግሞ ዘነበ ተብሎ ቤት አይዋልም፤ ልጆቹን ተራ በተራ የዝናብ ሱሪ፣ ጃኬት፣ ቦት፣ ጓንት አልብሶ ማውጣት ነው። አንዱ ቀይ ፀጉር ቦቱን አውልቆ ወረወረ። መልሼ አጠለቅኩለት። ወረወረ። በሦስተኛው የእናቴን ዓይን አወጣሁበት። ልጁ ጠጋ ብሎ ፊቴን በደንብ አየና፣ "ዓይንሽን አሞሻል?" አለኝ። ከልቡ አዝኖልኝ ነው።

ሳቄን ልይዝ ዞር ስል ሌላውን ጥግ አየሁ። ወላጆቿ ከአስመራ የመጡ አንዲት ልጅ አለችን፤ እዚሁ ነው የተወለደችው። ጓንቷን እየወረወረች ስትቀልብ ነበር። ግልምጫው ለእሷ አልነበረም፤ መኖሯንም ልብ አላልኩም። ጓንቷን ቀስ ብላ አስቀምጣ፣ አንገቷን ደፍታ ወንበር ላይ ቁጭ ብላለች። አማርኛ አትሰማም። ያንን ግን ሰምታዋለች።

መዋሸት አልፈልግም፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። እዚህ አገር አንድ ሰው ዓይኔን አነበበው! ከዚያ ጣቶቿን አየሁ። አቆላልፋ ጭምቅ አድርጋ ይዛቸዋለች።

በዚያው ሳምንት ፊካ ላይ፣ ማለትም በቡና ሰዓታችን፣ አንዷ ባልደረባዬ ይህችኑ ልጅ አነሳች። "ስናናግራት ዓይናችንን አታይም፤ አትሰማን ይሆን?" ትሰማለች፣ እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሲቆጣ ዓይን ዓይኑን ማየት ድፍረት ነው አልኳት። ገረማት። እሷ ደግሞ የራሷን ነገረችኝ። ስዊድን ወላጅም ቢሆን ልጁን እንዳይመታ ከዓለም አስቀድማ በሕግ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ ማስታወቂያውም የወተት ካርቶን ላይ ታትሞ ነበር። ያኔ ስምንት ዓመቷ። ቁርስ ላይ ካርቶኑን ጮክ ብላ ለአባቷ አነበበችለት። አባቷ ዝም ብሎ ወተቱን ቀዳ።

እኔም ቀስ እያልኩ የእነሱን ተማርኩ። ልጁ ቁመት ድረስ ቁጢጥ ማለት፣ ምክንያቱን መናገር፣ ሁለት ነገር አቅርቦ ማስመረጥ፦ "ቦቱን አንተ ታጠልቃለህ ወይስ እኔ ላግዝህ?" ቀይ ፀጉሩ በዚህ ተገራ፣ ባብዛኛው። ደሴ ያሉ ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው ሲስቁብኝ ግን አልፈርድባቸውም። 64 ልጅ ፊት ተራ በተራ ቁጢጥ ማለት ብጀምር የምጨርሰው ሰኔ ላይ ነበር። እዚህ ለሃያ ልጅ ሦስት ሆነን ነው።

ልጆቹ ያልፈለጉት ነገር ሲመጣባቸው መዳፋቸውን ዘርግተው "ስቶፕ" እንዲሉ እናስተምራቸዋለን። ያቺ ልጅ ወራት ሙሉ አንድም ቀን ብላው አታውቅም። ባለፈው ሳምንት ልንወጣ ስንል ቸኩዬ ጓንቷን ሳጠልቅላት መዳፏ ደረቴ ፊት ቀጥ አለ።

"ስቶፕ። እኔ ራሴ።"

አለችና ወዲያው ቀና ብላ ዓይኔን ፈተሸችው። ዓይኔን የት ላድርገው? ጫማዬን አየሁ። ጓንቱን ራሷ አጠለቀችው፣ የግራውን በቀኝ።